ከአጅሩሚያ በፊት አልፊያ አይቀራም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። «ይሄ ደግሞ የመስጂድ ሰው ሥራ ነው?» የሚል አይጠፋም። የደረሶችን መዝገብ የሚይዝ፣ የፈተና ወረቀት የሚያዘጋጅ፣ የረመዷን የሰላት ሰዓት የሚያትም ሰው ግን ከኮምፒውተር ማምለጫ የለውም። ቢቸና ላይ የኢማማችን ረዳት በመሆኔ ይህ ሥራ የእኔ ነው።

ያለን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ስንረከበው የተጫነበት ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ ነበር። በየፍላሹ ቫይረስ ይገባል፣ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። የደረሶቹ የዓመት ውጤት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ ግን የሐቅ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው፣ መዳፈርም አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። ታዲያ የመስጂድ መዝገብ ባለቤቱ ባልፈቀደው ነገር ላይ ለምን ይቀመጣል?

ስለዚህ ሊኑክስ ጫንን፤ ኡቡንቱ የሚባለውን። ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በ2004 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት፣ ለሌላም ማካፈል የሚችል ሲስተም ነው። መጫኑ ቀላል ነበር። ዐረብኛውም ወዲያው ጻፈ።

ችግሩ አማርኛ ላይ መጣ። በለመድነው መንገድ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል በድምፁ እየነካን አማርኛ ለመጻፍ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው የአጻጻፍ ዘዴ ስሙ «ሴራ» ነው፤ ስሙ ነው እንጂ ተንኮል የለበትም። ሞጣ ያለ ወንድማችን ፋይሉን አውርዶ በመኪና ላከልኝ። ስከፍተው «መጀመሪያ ሌላ ፋይል ያስፈልገኛል» አለ። ያንን አስላክሁ። እሱም ሌላ ጠየቀ። በዊንዶውስ አንድ ፋይል ተጭኖ ማለቁን ለለመደ ሰው ይህ ያበሳጫል።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በሊኑክስ ብዙ ፕሮግራሞች አንድን መሣሪያ በጋራ ይጠቀማሉ። መሣሪያው አንዴ ይጫናል፣ ሁሉም ከእሱ ይወስዳል። ኢንተርኔት ካለ ሲስተሙ የጎደለውን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ከሌለስ? በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየነው ይህንኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ አዲስ ነገር መጫን ግን ጭንቅ ነው።

ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ደረሳ አልፊያን ይዞ ሸይኹ ፊት ቢቀመጥ፣ ሸይኹ «አጅሩሚያን ቀርተሃል? ቀጥርንስ?» ይሉታል። አላባረሩትም፤ መንገዱን አሳዩት። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የስህተት ጽሑፍም እንደዚሁ ነው። ተረጋግተን ብናነበው የጎደለውን በስም ይነግረናል። በግድ መጫኛ ትእዛዝ አለ፤ አትጠቀሙበት። ፕሮግራሙ የተጫነ ይመስላል እንጂ አይሠራም፤ እስኪስተካከልም ድረስ ሲስተሙ ሌላ ነገር አልጭንም ይላል።

መፍትሔው «አፕት ኦፍላይን» የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ናት። እሷ ራሷ መጀመሪያ በፍላሽ መምጣት አለባት። ከዚያ በኋላ ሥራው ሦስት ደረጃ ነው። አንደኛ፣ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ፋይል ይዘረዝራል። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ በፍላሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ይሄድና ሁሉም በአንዴ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ፍላሹ ተመልሶ ይጫናል። እኛም ዝርዝሩን ሞጣ ልከን በአንድ ምልልስ ጨረስን፤ አልሐምዱሊላህ።

ሌላም ጥቅም አለው። ከኡቡንቱ ማከማቻ የሚመጣ ፋይል በፊርማ ይረጋገጣል፤ ከማን እንደመጣና በመንገድ እንዳልተነካ ይታወቃል። ቴሌግራም ላይ ከማይታወቅ ሰው የወረደ ፋይል ግን ኢስናድ የለውም። ኢስናድ የሌለውን ወሬ የማንቀበል ሰዎች ፋይሉን ለምን ዝም ብለን እንቀበላለን?

ኢማሙ ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ከጀማዓው የተወሰኑት ካወቁት ለሌላው ይበቃል፣ ሁሉም ከተወው ግን ሁሉም ተጠያቂ ነው። የመድረሳችንን መዝገብ የሚጠብቅ እውቀትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። በየከተማችሁ ሁለት ሦስት ወጣቶች ይህን ተማሩ። «ኤልቲኤስ» የሚባለውን፣ ለ5 ዓመት የሚታደሰውን እትም ምረጡ፤ ለምሳሌ 24.04ን። ጎረቤት ከተሞች አንድ ዓይነት እትም ከተጠቀማችሁ ሞጣ ላይ የወረደው ለቢቸናም ይሆናል፤ ቢቸና ላይ የተገኘውም ለሞጣ።

 የመስጂዱን ኮምፒውተር ለሚይዘው ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ አድርሱልኝ።