ልሙጥ ወረቀት

እኛ የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባላት ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። የብሬል መጽሔት የሚደርሰን አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ዓይነ ስውራን አንባቢዎቻችን ግን 5 ናቸው። በብሬል አንዱ የአማርኛ ፊደል ባመዛኙ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ስለሚጻፍ ቀጭኑ መጽሔት ወፍራም ጥራዝ ይሆናል። እኛም ቦታ እንዳይፈጅ ብለን አጋድመን ጋዜጣ ስንከምርበት ከረምን። የብሬል ነጥብ ደግሞ ከወረቀቱ ብቅ ያለ ነው፤ ክብደት ካረፈበት ይተኛል።

ተራው የደረሰው ጓደኛችን ገጹን ዳሰሰና፣ «ምንድነው ይሄ? ልሙጥ ወረቀት እኮ ነው የሰጣችሁኝ!» አለን። መልስ አጣን። እሱ ሁልጊዜ የመጨረሻው ተረኛ ነበር፤ ባለፈው ዕትም የወጣውን የድርሰት ውድድር ማስታወቂያም ያነበበው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን መጽሔቱን አቁመን እናስቀምጣለን። አንድ ሰው ከ3 ቀን በላይ አይዘውም፤ በዚህ ዕትም መጨረሻ የነበረው በሚቀጥለው መጀመሪያ ይሆናል። ማስታወቂያና ዜናውን ግን በስልክ አንብበን ቀድተን ለ5ቱም በአንድ ቀን እናደርሳለን። ታዲያ አንባቢ ያንሰናል። ድምፃችሁን የምታውሱን ካላችሁ፣ ከእራት በኋላ ብቅ በሉ።