ስሟን አልጻፍንም አላችሁ?

የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ እዚህ ሶዶ ችሎት ልንገባ ስንል ዝግ ነው ብለው መለሱን። ሕገ መንግሥቱስ?» አለኝ።

አንቀጽ 20 ችሎት ግልጽ ይሁን ይላል፤ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብ ሞራልና የሀገር ደህንነት ለመጠበቅ ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ጉዳዩ ደግሞ የተደፈረች ልጅ ነው። ይዘጋ እንጂ! ፍርዱን ግን በግልጽ ያንብቡልን፤ አለበለዚያ «በገንዘብ አለቀ» የሚለውን ወሬ ማን ያቆመዋል?

ያናደደኝ የበሩ ነው። አንዱ ስትወጣ ቀርጿት ቴሌግራም ላይ ለጠፈ። ስሟን አልጻፈም፤ ቀበሌዋንና የአባቷን ሥራ ግን ጽፏል። እኛ ወላይታዎች እኮ ከስም በፊት «የማን ልጅ ናት?» ነው የምንለው። ምኗ ተደበቀ?

«ቪዲዮው ከደረሰህ አጥፋው፣ ለማንም አትላክ» አልኩት።

ቆይቶ «ቲቸር፣ ልኬዋለሁ» አለኝ።