ነፍሰ ጡርና አዲስ መሥሪያ ቤት

እኛ ዘንድ እርግዝና አይነገርም፤ ይታያል። ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ እናት ዝም፣ አባት ዝም፣ ጎረቤትም እያወቀ ዝም ነው። «ምነው ወፈርሽሳ?» የሚል ደፋር ቢገኝ እንኳ «እንጃ፣ አየሩ ተስማምቶኝ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ዓይን አለ፤ ሰው አለ፤ ስላልተወለደ ልጅ ማውራት ደግሞ እግዜርን መዳፈር ይመስላል። እኔ ልማዱን አልነቅፍም። ጣጣው የሚመጣው ይኸው ልማድ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዋሽንግተን ዙሪያ ሲያርፍ ነው። አሜሪካን አገር ለብዙው ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራውን ሲለቅ ኢንሹራንሱም ይለቀዋል። ያረገዘች ሴት ሥራ ልቀይር ስትል ታዲያ እንደ አገር ቤቱ ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በባለቤቴ በኩል ነው። የእህቴ ልጅ መቼም ለአጎቷ «አርግዣለሁ» አትልም። ለባለቤቴ ነገረች፤ ባለቤቴ ደግሞ «ወረቀቱን አንብብላት» ብላ ለእኔ። ልጅቷ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ 3 ዓመት በሌሊት ፈረቃ ሠርታለች። ሥራው ከራሷ የሚከብዱ ሰዎችን ከአልጋ ማንሳትና ማገላበጥ ነው። አንድ ክሊኒክ በቀን ፈረቃ፣ በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥራት ፈቀደ። እሷ ግን የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ በገዛ መኪናው ሰው እያመላለሰ ነው የሚያድረው፤ የሁለቱም ኢንሹራንስ በእሷ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ዘመድ በስልክ ተሰበሰበ፤ ውሳኔውም አንድ ነበር። «ንቅንቅ እንዳትዪ!» አዲሱ ኢንሹራንስ «ይዘሽው የመጣሽውን አልከፍልም» ይልሻል፤ እገሊት እንኳ የወሊዷን ዕዳ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ስትከፍል ኖራለች፤ ወዘተ።

ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ አንዲት ሴት አርግዛ ሥራ ብትቀይር፣ አዲሱ ኢንሹራንስ እርግዝናዋን «የቆየ ሕመም» ብሎ ላለመክፈል ይችል ነበር። በመሥሪያ ቤት በኩል ለሚገኘው ኢንሹራንስ ይህን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ነው። በግሉ ኢንሹራንስ የሚገዛው ሰው ግን እስከ 2014 ድረስ ጥበቃ አልነበረውም፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን የተናገረች ሴት ማመልከቻዋ ውድቅ ይሆን ነበር። የእኛ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ሕጉ ሲለወጥ ግን ወሬው አልተለወጠም። ልጅቷን ሌሊት ለሌሊት ሰው ስታነሳ ትውለድ ብሎ የፈረደባት እንግዲህ ይኸው ያረጀ ወሬ ነው። በእርግዝናዋ ምክንያት አልቀጥርም ማለትም 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ ከ1978 ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። አደጋው ቀኖቹ ላይ ነው። አሠሪው ኢንሹራንሱን በገባችበት ዕለት የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ሕጉ እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቃት ይፈቅድለታል። ስለዚህ «ኢንሹራንሱ ከየትኛው ቀን ይጀምራል?» ብላ በጽሑፍ እንድትጠይቅ መከርናት። ይህን ማንም ተቀጣሪ ይጠይቃል፤ ማርገዟን የመናገር ግዴታም የለባትም። እዚህ ላይ እንኳ የአገራችን ዝምታ ጠቀመን። መልሱ መጣ፤ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ከሚመጣው ወር 1 ጀምሮ። የቀድሞው መጋቢት መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ አዲሱ ሰኔ 1 ይጀምራል (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ሚያዝያና ግንቦት ባዶ ናቸው።

ለዚህ ባዶ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ስሙ «ኮብራ» ይባላል። ስሙን የሰማች አክስቷ «እባብ ነው እንዴ?» አለች። እውነትም ዋጋው ይነድፋል። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው መሥሪያ ቤት የለቀቀ ሰው በነበረው ኢንሹራንስ መቀጠል ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍልለት የነበረውን ጭምር ራሱ ይከፍላል፤ በላዩ ላይ 2 ከመቶ ይጨመርበታል። ለእሷ ብቻ በወር ከ700 ዶላር በላይ ሆነ። ደግነቱ ለመወሰን ቢያንስ 60 ቀን ይሰጣል፤ ዘግይቶ የተመዘገበም ወደ ኋላ ያለውን ከከፈለ ካቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይሸፈናል። ጤነኛ ሰው ቀኑን እየቆጠረ መጠበቅ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ግን በየወሩ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ወዲያው ገባችበት። ባልየው አልተመዘገበም። ሁለት ወር ሙሉ እንዳይታመም በጥብቅ ተነገረው፤ እግዜር ይስጠው፣ አልታመመም።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ነበሩ። «ዲዳክቲብል» የሚሉት፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ አለ፤ ከጥር ጀምሮ ያጠራቀመችው ከቀድሞው ጋር ቀረ፤ በአዲሱ እንደገና ከዜሮ ተነሳች። የምትከታተልበት ሐኪምና የምትወልድበት ሆስፒታል አዲሱ ኢንሹራንስ መዝገብ ውስጥ መኖራቸውን ግን ሥራውን እሺ ከማለቷ በፊት ስልክ ደውላ አረጋግጣለች።

እውነተኛው ኪሳራ ዘመዶቿ አንዳቸውም ያላነሱት ነው፤ የወሊድ ፈቃድ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለወለደች እናት 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ደመወዝ የለውም፤ ሥራዋን ግን ይጠብቅላታል። ይህንንም የምታገኘው በዚያው መሥሪያ ቤት 12 ወርና 1,250 ሰዓት ሠርታ፣ መሥሪያ ቤቱም 50 ሠራተኛ ካለው ነው። የእህቴ ልጅ በቀድሞው ሥራዋ ይህን ካገኘች ቆይታለች፤ በአዲሱ ግን ስትወልድ ገና የ5 ወር ሠራተኛ ናት። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2020 ጀምሮ ለወላጆች ክፍያ ያለው ፈቃድ ዘርግታለች፤ ክሊኒኩ ግን ከወንዙ ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ አልደረሳትም።

አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ይህን ስትሰማ ማመን አቃታት። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። የግል ሆስፒታል ሒሳቡን ብዙዋ ከኪሷ ነው የምትከፍለው፤ ዕረፍቱ ግን አለ። «ሆስፒታሉን ከፍለው አራስ ቤቱን ይነሳሉ?» አለች እህቴ። እኔም ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አይታ ሥራውን ቀየረች። የሌሊቱ ሸክም ከ12 ሳምንቱ በልጦባት ነው፤ ትክክል ይመስለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ለአለቃዋ ነገረችው። «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ የክሊኒኩ መመሪያ ግን ከ8 ሳምንት በላይ አይሰጥም፤ ያለ ደመወዝ።

ነሐሴ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። እዚህ ላይ ሌላ ቀን አለ፤ ብዙ የእኛ ሰው የሚሳሳተውም እሱን ነው። የእናትየው ኢንሹራንስ ሕፃኑን በራሱ አይመዘግበውም፤ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው መነገር አለበት። ከተነገረ ከተወለደችበት ዕለት ጀምሮ ትሸፈናለች፤ ካለፈ ዓመታዊው የምዝገባ ወቅት ሊጠበቅ ነው። እኛ ደግሞ የለመድነው ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነው፤ ያኔ ስም ይወጣል፣ ሰው ይጠራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ይምጣ ብሎ የሚጠብቅም አለ። ባልየውን በ9ኛው ቀን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠን አስሞላነው፤ ለስሙ ቦታ የክርስትናው እስኪደርስ የአያቷ ያወጡላት ገባ።

በ80ኛው ቀን ክርስትና ስትነሳ እናቷ ሥራ ከተመለሰች 24 ቀን ሆኗት ነበር። ለዚያም ዕለት አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው፤ ያለ ደመወዝ።