«እህሉን አይነካም»

ከመካከላችሁ የግብርና ሙያውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ወይም ወደ ቴሌቪዥን ለመዞር የሚያስብ ሰው ካለ ይህችን ጽሑፍ ለእርሱ ብዬ ነው የጻፍኳት። ሌሎቻችሁም ብታነቧት አትጎዱም።

እኔ 11 ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። በአንድ ቀበሌ ሦስት እንመደባለን፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የሰብሉ እኔ ነበርኩ። መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በበቆሎው እምብርት ውስጥ የሚሸሸገውን ትል በእጅ ለቅሞ መግደልን ከማሳ ማሳ እየዞርኩ ሳሳይ ከረምኩ። አንዱን ጎጥ አዳርሼ ወደ ሌላው ስሻገር የዚያኛው በቆሎ ተበልቶ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ደክሞኝ ከአንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ ሬዲዮ ይዘፍናል። ከጎረቤትም፣ ከማዶም የሚሰማው ያው ዘፈን ነው። እኔ በእግሬ ሳምንት የምፈጅበትን አገር ይህች ሣጥን በአንድ ትንፋሽ ታዳርሰዋለች ማለት ነው! ሥራ የመለወጥ ሐሳቤ የተጠነሰሰው ያኔ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሳካልኝ ባልደረቦቼ «ከጭቃ ተገላገልክ» ብለው ሸኙኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከቋንቋ ጋር ስታገል አለፉ። በቢሮ «ግብዓት»፣ «ምርታማነት»፣ «ኩንታል በሄክታር» ስንል ኖረናል፤ ገበሬው ግን መሬቱን የሚያውቀው በጥማድ፣ ዘሩን የሚሰፍረው በቁና ነው። ይህንን ቶሎ አረምኩ። ጉድ የሠራኝ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው።

በአንድ መስከረም ገበሬው «ቱፎርዲ» ስለሚለው የአረም መድኃኒት ዝግጅት አቀረብኩ። ይህ መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እያጠማዘዘ ያደርቃል። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ የሣር ወገን ስለሆኑ በመጠኑና በጊዜው ከተረጨ አይጎዳቸውም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ግን ከአረሙ ጋር አብረው ይሞታሉ። የምስር ቅጠል በዓይን ሲታይ ቀጭን ቢሆንም ወገኑ ከባለ ሰፊ ቅጠሉ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰዓት ሲያልቅብኝ ግን ከማይክሮፎኑ ፊት ያልኩት ይህን ብቻ ነበር፦ «ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያደርቃል፤ እህሉን አይነካም።»

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ከጃማ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ከጣቢያው በር ላይ አስጠሩኝ። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል።

«የሬዲዮው ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ስሰማህ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር» አሉና ፌስታሉን ፈቱት። ከነሥሩ የተነቀለ ምስር ነው፤ ግንዱ እንደ ገመድ ተጠማዟል። ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ምስር እህል አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢያን ሆይ፣ ምን ትመልሱላቸው ነበር? ለእኔ እህል ማለት ስንዴና ጤፍ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ከማሳቸው ወጥቶ ጎተራቸው የሚገባው ሁሉ እህል ነው። ማሳቸው ድረስ ሄጄ ብመክራቸው ኖሮ ምስሩን በዓይኔ አይ ነበር። በ8028 የሚደውል ገበሬ እንኳ የሰብሉን ዓይነት መርጦ ነው ምክሩን የሚሰማው። ሬዲዮ ግን የስንዴውንም የምስሩንም ባለቤት በአንድ አፍ ያናግራል፤ ማን እንደሰማና ምን እንደዘራ ተናጋሪው አያይም።

ሁለት ሌሊት «ባለሙያ መጠየቅ ነበረባቸው» እያልኩ ራሴን ሳባብል አደርኩ። አለቃዬ ደግሞ በሚቀጥለው ዝግጅት የጎደለውን እንድጨምር፣ ተሳሳትኩ ግን እንዳልል መከረኝ፤ «አድማጭ አንዴ ካላመነን የተምቹንም ነገር አይሰማንም» አለ። ክፉ ምክር አይደለም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልንቀውም። ነገር ግን የሰው ሐቅ በአንገቴ ላይ ነበርና በሳምንቱ ዝግጅቴን የከፈትኩት «ተሳስቻለሁ» ብዬ ነው። የምስሩን ነገር፣ የአዛውንቱን ስም ሳልጠራ፣ እንዳለ ተናገርኩ።

ያን ቀን ሰባት ሰዎች ደወሉ። ሁለቱ ባቄላቸውን ሊረጩ መድኃኒቱን ገዝተው አስቀምጠው ነበር። አንዱ ግን ከእኔ ንግግር በፊት ሽምብራው እንደደረቀበትና ውርጭ መትቶት መስሎት እንደኖረ ነገረኝ። የእርሱን ድምፅ አልረሳውም።

ለአዛውንቱ ከደመወዜ የምስር ዘር ገዝቼ ወሰድኩላቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ኋላ «ዘር አይመለስም» ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ እደውልላቸውና የሐሙሱን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ሥራ ላይ ከሆኑ ቆጣ ይላሉ፤ ካልሆኑ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። «ቆይ፣ ይህ ለመረሬው ነው ለቀዩ አፈር?» ይሉኛል፤ ተመልሼ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ስለ ምስር ዋግ መድኃኒት ያዘጋጀሁትን አነበብኩላቸው። ጨርሼ ስጠብቅ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህን የረጨ ሰው ገለባውን ለከብት የሚሰጠው በስንተኛው ቀን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፌን ገልበጥ ገልበጥ አደረግሁ። የለም። ዝግጅቱን ለሌላ ሳምንት አሳድሬ የሐሙሱን ሰዓት ስለ ንብ ቀፎ በተቀዳ ቃለ ምልልስ ሞላሁት።