ወግ ማጥበቅ

በአማርኛችን «ወግ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ባህልና ሥርዐት ማለት ነው። ለሰው የሚገባው ክብርም ነው፤ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብለው አባቶች ይመርቁናል። ደግሞም ጨዋታ ነው፤ ከቡና ጋር የሚወጋ፣ ሲጻፍም አሁን እንደማወጋችሁ ያለ ጽሑፍ። የፈረንጆቹን «ኮንሰርቫቲቭ» «ወግ አጥባቂ» ብለን ስንተረጉም ከሦስቱ የትኛውን ወግ እንደምናጠብቅ ያሰብንበት አይመስለኝም። እኔም ራሴን በዚህ ስም መጥራት ከጀመርኩ ዓመታት ቢቆጠሩም ጥያቄው በልቤ የገባው በ2025 መጸው፣ እኅቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከአንዱ በቀር።)

የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የዚህች ግዛት የአገረ ገዥ ምርጫ ከብዙዎቹ ይለያል። የሚካሄደው በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ማግስት ባለው ዓመት ነው። ከዚህም በላይ አገረ ገዥው አራት ዓመቱን ሲጨርስ ተከታትሎ ዳግመኛ መወዳደር አይችልም፤ ከኀምሳዎቹ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ገደብ ያቆየችው ቨርጂኒያ ብቻ ናት። አንድ ዘመን አርፎ መመለስ ግን ይፈቀዳል። ሚልስ ጎድዊን የሚባሉ ሰው በ1966 በዴሞክራትነት፣ በ1974 ደግሞ በሪፐብሊካንነት ሁለት ጊዜ መንበሩን ይዘዋል። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ ሕግ ስናይ መደነቃችን አይቀርም። ሹመት ገና ሲጀመር የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ነው። ወግ አጥባቂ ያደረገኝ ምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ አንዱ መልሴ ይህ ነው፤ ሰው ሊያፈርሰው እየፈለገ ያላፈረሰው አሮጌ ሥርዐት አከብራለሁ።

ሌላው መልሴ አባቴ ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ዕድሜዬ ለመምረጥ ስላልደረሰ የሄድኩት ተራ ልይዝላቸው ነበር። ሰልፉ ጫፍ አልነበረውም። ረፋዱ ላይ ሲወጡ ቀለም የነካው ጣታቸውን እያየሁ «አባዬ፣ ማንን መረጡ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይህ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው» አሉኝ። በቀጣዮቹ ወራት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሰው ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በቤታችን «ምርጫ» የሚለው ቃል ሲነሣ እናቴ መስኮቱን ትዘጋ ነበር።

ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በኖቬምበር 2021 ነው። በአንድ ወገን ቀደም ሲል ከ2014 እስከ 2018 አገረ ገዥ የነበሩት ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ፣ በሌላው ወገን ከፋይናንስ ዓለም የመጡት ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ነበሩ። በዚያ ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ነበር። የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ብዙ ወገኖቻችን ዴሞክራቶችን ለመቅጣት ሲሉ ለያንግኪን ቀሰቀሱ። ጦርነቱን በሌላ ዐይን የሚያዩ ወገኖች ደግሞ በዚህ ቅስቀሳ ልባቸው ቆሰለ፤ ከቅዳሴ በኋላ አብረን የምንጠጣው ሻይ እንኳ ቀዘቀዘብን። እኔ ለያንግኪን ድምፄን ስሰጥ ምክንያቴ ሌላ ነበር። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ አምባሳደር አይልክም፤ ማዕቀብም አይጥልም። ማኮሊፍ ግን በሴፕቴምበር በተደረገ ክርክር ላይ፣ ትምህርት ቤቶች ምን ማስተማር እንዳለባቸው ወላጆች ሊነግሯቸው ይገባል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። ፊደል በአባቴ ጉልበት ላይ የቆጠርኩ ሰው ነኝና ይህን ንግግር አልፌው መሄድ አልቻልኩም። ያንግኪን ከ3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ በ63 ሺህ ድምፅ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ደስታ ግን በመራጭና በተመራጭ መካከል ዘላቂ እንግዳ አይደለም። ያንግኪን ካሉት ያደረጉት አለ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በምግብ ሸቀጥ ላይ ግዛቱ የሚጥለው 1.5 በመቶ ግብር ቀርቶ የአካባቢ አስተዳደሮች 1 በመቶ ብቻ ቀርቷል። ያልተደረገም አለ። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን በየዓመቱ የሚያማርሩት የመኪና ግብር አሁንም አለ። ጂም ጊልሞር የተባሉት ሪፐብሊካን ይህን ግብር አስቀራለሁ ብለው አገረ ገዥነቱን ያሸነፉት በ1997 ነው። ለእኔ እንግዲህ 1997 ሁለት ነው፤ የአባቴ 1997 እና የመኪናው ግብር 1997። ግዛቱ ከዚያ ወዲህ የግብሩን ከፊል ቢሸፍንም ደብዳቤው መምጣቱን አላቆመም። በ2025ም የሪፐብሊካኗ ዕጩ ይህንኑ ግብር አስቀራለሁ ብለው ተነሡ። ወግ አጥባቂ የቆየ ነገር ይወዳል ቢባልም የቆየ ተስፋ ግን ይሰለቸዋል።

ዕጩዋ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ነበሩ። በጃማይካ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ፣ በማሪን ወታደርነት ያገለገሉ፣ በያንግኪን ዘመን ምክትል አገረ ገዥ የነበሩ፣ እምነታቸውን የማይደብቁ ሴት ናቸው። የእኔን መንገድ የመጡ፣ የእኔን ጸሎት የሚጸልዩ ሰው ሆነው ታዩኝ። ተወዳዳሪያቸው አቢጌይል ስፓንበርገር የቀድሞ የሲአይኤ ባልደረባ፣ ሦስት ጊዜ ለኮንግረስ የተመረጡ ዴሞክራት ነበሩ። ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን ሴት አገረ ገዥ ታገኝ ነበር።

ኦክቶበር 1 ቀን የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ተዘጋ። ታላቅ እኅቴ፣ እኔ እታለም የምላት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ባለ አንድ የፌዴራል ሕንፃ በኮንትራት ድርጅት በኩል ጽዳት ትሠራለች። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መዘጋቱ ሲያበቃ ያልተከፈለው ደመወዝ በሕግ ይከፈለዋል። የኮንትራት ሠራተኛ ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ ያለፈው ቀን አለፈ። እኔ በምሠራበት የባንክ መስኮትም ሰዎች እየመጡ የቀረውን ሂሳብ ይጠይቁና ቁጥሩን ሰምተው ጥቂት ዝም ብለው ይቆማሉ። የማጽናኛ ቃል የለኝም፤ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» እላለሁ።

ለእነዚህ ሰዎች ከዕጩዬ አፍ አንድ ቃል ጠበቅሁ። ደጋግሜ የሰማሁት ስለ ትምህርት ቤት መልበሻ ክፍሎችና መጸዳጃ ቤቶች ነበር። በዚያ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ለቸገረው ሰው የሚነገር ቃል አልሆነልኝም። ወደ ሌላው ወገን ዞሬ አየሁ። ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት የቀረቡት ዴሞክራት ጄይ ጆንስ፣ አንድ ሪፐብሊካን መሪ በጥይት ስለመመታት በ2022 የጻፏቸው የስልክ መልእክቶች በዚያው ወር ይፋ ወጡ። ጆንስ ይቅርታ ጠየቁ። ስፓንበርገር መልእክቶቹን አወገዙ፤ ከውድድሩ ይውጡ ግን አላሉም። እዚያም ቤት ወግ እንደጎደለ አየሁ።

በኦክቶበር መጨረሻ፣ ከመደበኛው ቀን ቀደም ብሎ በሚሰጠው ድምፅ፣ ለኧርል-ሲርስ መረጥኩ። በዚያው ቀን ማታ የእታለምን የወር ኪራይ ይዤ ሄድኩ። ቡና አፈላች። ገንዘቡን ተቀብላ ከማስቀመጧ በፊት ጠየቀችኝ።

«ማንን መረጥክ?»

የአባቴን መልስ ልመልስላት አሰብኩና አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳት። የሰው ችግር በመጀመሪያ የወንድም፣ የጎረቤት፣ የዕድር ሸክም መሆኑን፣ መንግሥት ሁሉን ልያዝ ሲል ቤተሰብ እንደሚላላ፣ ለዚህም ነው ገንዘቡን ይዤ የመጣሁት አልኳት። እኔም ለዓመታት ያመንኩትን እንዲህ አሳምሬ ተናግሬው አላውቅም።

እታለም ሲኒውን አቀበለችኝ። «ወንድም ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያንተ ደግነት ለእኔ ደረሰኝ» አለች። «አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን ባንክ የሚሠራ ወንድም የላትም። የእሷን ወግ ማን ያጥብቅላት?»

እርሷ ስፓንበርገርን መረጠች። እኔ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ ተቀመጥኩ፤ መልስ ግን አላገኘሁም። ዛሬም የለኝም። ዕድርን ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አስቀድሜ አምናለሁ፤ ዕድር የሌለውን ሰው ግን እምነቴ ውስጥ የማስቀምጥበት ስፍራ አጣሁ። ወግ ማለት ለሰው የሚገባው ክብር ጭምር ከሆነ፣ ክብሩን በወንድም መኖርና አለመኖር መለካት አልነበረብኝም።

ኖቬምበር 4 ቀን ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። ጆንስም አሸነፉ። መንግሥቱ የተከፈተው ከምርጫው ከስምንት ቀን በኋላ፣ በ43ኛው ቀን ነው። ተሸናፊ ሆኜ ሳለሁ የጠበቅሁትን ያህል ኀዘን አልተሰማኝም፤ በቤታችን መስኮት የዘጋ ሰው አልነበረም።

በሪችመንድ የአገረ ገዥው መኖሪያ ቤት በ1813 የተሠራ ነው። በቨርጂኒያ ልማድ ተሰናባቹ አገረ ገዥ የዚያን ቤት ቁልፍ ለተተኪው ያስረክባል። ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ስፓንበርገር ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እኔና እታለም በአንድ ሶፋ ላይ ሆነን አየን። እርሷ የመረጠቻቸው ሲገቡ፣ እኔ የመረጥኳቸው ሲወጡ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን አየን። የማጠብቀው ወግ የቱ እንደሆነ ቢያንስ አንዱ ያን ቀን ገባኝ፤ ቁልፍ ማስረከብ። ሌላውን፣ እኅቴ የጠየቀችኝን፣ ገና እየተማርኩት ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ እነዚህን ስንኞች ጻፍኩ፦

ቁልፍ ሰጪው በሰላም ከደጁ ሲወጣ፣
ተቀባይዋም ደግሞ ቀን ጠብቃ ስትመጣ፣
አባቴን አሰብኩት ቀለም ያለው ጣቱን፣
ተሰልፎ ያነጋው ያን ረጅም ሌቱን።