ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ጠበላን ሲያልፍ ዓይኑ የሚሄደው ወደ አባያ ሐይቅ ነው። እኔ ግን የሁምቦን ተራራ ማየት ይበልጥብኛል። ዛሬ የለበሰው ደን ከሃያ ዓመት በፊት አልነበረም። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ማሳ ላይ ይወርድ ነበር።

እዚያ ተራራ ላይ የሆነውን፣ በስልክና በኮምፒውተር አዲስ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ወጣት ሁሉ ባወራው ደስ ይለኛል። በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር 2,728 ሄክታር መሬት ከልሎ ደኑን ለመመለስ ተነሣ። ደን ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚታየን ችግኝ ነው፤ የችግኝ ጣቢያ፣ የተከላ ዘመቻ። የሁምቦ ደን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያቆጠቆጠው ከጉቶ ነው። ከብት ሲግጠው፣ መጥረቢያ ሲመታው ኖሮ ቁጥቋጦ መስሎ የቀረው ሁሉ ከሥር ሕያው ዛፍ ነበር። ገበሬው ከቀንበጦቹ ብርቱውን መርጦ አስቀረ፣ ሌላውን ገረዘ፣ ከብቱን ከለከለ፤ ዛፉ የራሱን ሥራ ሠራ። በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በአፍሪካ ከዓይነቱ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶኑን ሊገዛ ተዋዋለ። ባለቤቶቹ ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

ዘዴው ራሱ ከውጭ የመጣ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር ውስጥ ችግኝ እየተከለ ሲደርቅበት ከኖረ በኋላ፣ ሜዳውን የሞላው ቁጥቋጦ የተቆረጠ ዛፍ መሆኑን አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አየ። ሁምቦ ከኒጀር የወሰደችው ያንን ጎንበስ ማለት ነው፤ ዛፉ የራሷ ነው።

ሶዶ ላይ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው የሚሠሩ ወጣቶች ሳገኝ ምን እየሠሩ እንደሆነ መጠየቅ ልማዴ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «የሶዶ ኡበር» ወይም «የወላይታ አማዞን» ነው። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል፤ እዚህ ለምን አይሠራም?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። የውድድር ዳኛም፣ ብድር ሰጪም፣ ስሙን አስቀድሞ የሰማው ነገር ቶሎ ይገባዋል። ግን ባጃጁን እንይ። ሶዶ ላይ ባጃጅ የፈለገ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ እጁን ያነሣል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ደግሞ ሰፈሩ የሚያውቀው ሾፌር ይደወልለታል። የተኮረጀው አፕ መፍትሔ ይዞ የመጣው ለሌላ ከተማ ችግር ነው።

ኡበርን ኮረጀ የሚባለው ራይድ እንኳ በቅርብ ሲታይ ሌላ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ይህ አገልግሎት ስማርት ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲያዝ አድርጓል፤ ኡበር የተወለደባት ካሊፎርኒያ ይህ ጭንቀት አልነበረባትም። ኬንያም ውስጥ በ2007 ሥራ የጀመረው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ መጀመሪያ የታሰበው ለአነስተኛ ብድር ክፍያ ነበር፤ በሙከራው ወቅት ግን ሰው ለቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክበት ታየ፣ ኩባንያውም ሰውን ተከተለ። ቅኔ የተባለው የአገራችን ኩባንያ በሠራው «ኩኩሉ» የስልክ ጨዋታ የሩጫው ስልት በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሯጯ ግን ለበዓል ልትታረድ ስትል ያመለጠች ዶሮ ናት። ያቺን ዶሮ ከእኛ በቀር ማን ሊያስባት ይችላል? መበደር ነውር የለበትም። የሚያሳዝነኝ፣ የራሳችን ጥያቄ ሳይጠየቅ የሌላው መልስ ሲገለበጥ ነው።

እና ወላይታ ምን ጥያቄ አላት? እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሰንጋውን ነው። እዚህ አገር አንዱ በሬ ይገዛል፣ ሌላው የእንሰት ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ አገዳ እያበላ ያደልባል፤ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ሲሸጥ የመግዣው ዋጋ ለባለቤቱ ተመልሶ ትርፉን ይካፈላሉ። «ትርፍ የጋራ» ይባላል። ባንክ ሳይኖር፣ ወረቀት ሳይኖር፣ በቃልና በምስክር ብቻ የቆመ ሽርክና ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን ይዘን የአማዞንን ገጽ መቅዳታችን ይቆጨኛል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሲኖር በስንት ተገዛ፣ በስንት ተሸጠ፣ ታሞ ስንት ወጣበት የሚለው ያከራክራል፤ ዘመድ ከዘመድ ይቀያየማል። ለዚህ የሚሆን ነገር ከዋና ከተማ አይመጣም፤ ጥያቄው የእኛ ነውና። መሠራቱ ግን ይቻላል። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበሬው 8028 ደውሎ ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር በድምፅ ሲሰማ ቆይቷል፤ ማንበብም፣ ውድ ስልክም አልተጠየቀም።

ይህን ካፌ ውስጥ ሳነሣ አንደኛው ልጅ ላፕቶፑን ከደነው። «አባቴ ለአጎቴ የሰጠው በሬ አለ» አለ፤ «የተገዛበትን ዋጋ ሁለቱም የየራሳቸውን ነው የሚናገሩት።» አጠገቡ የነበረችው ልጅ ዋጋው የምስክሩ ድምፅ ተቀድቶ ይቀመጥ አለች፣ በወላይትኛ። እሱ ደግሞ ምስክሩ ቢሞትስ ብሎ ጠየቃት። ስነሣ ገና እየተከራከሩ ነበር።