ደራርቱና የሾላ ሴቶች

የ1984 ዓ.ም. ፍልሰታ የገባችው ዓርብ ዕለት ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን። የዚያን ዕለት ማታ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር ሮጠች። እኛ ዘንድ ወሬው የደረሰው ግን በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሾላ ገበያ መሐል፣ ከእናቴ መደብ ትይዩ ጨውና ክብሪት በሚሸጡ አንድ ጋሼ ሬዲዮ ነበር።

ሬዲዮዋ በላስቲክ ታስራ ምሰሶው ላይ የምትንጠለጠል ነች። ባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ጋሼ አውጥተው ፀሐይ ያሰጡታል፤ ክረምት ሲሆንና ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው ይመልሱታል። ያን ቀን ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ነክሰውታል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ስለሚወርድ ጆሯቸውን ሬዲዮዋ ላይ ለጥፈው ይሰሙና ለእኛ ያስተላልፉልናል። «ወርቅ!» አሉ መጀመሪያ። ቀጥሎ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሴት ናት እኮ የሚሉት!» አሉ።

ሱፍ የምትሸጠዋ እትዬ እልልታውን ለቀቀችው። ከበርበሬ ተራ ወደ ሽሮ ተራ፣ ከዚያም እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ተቀባበሉት። ግማሹ ሰው ለምን እልል እንደሚባል አያውቅም ነበር። እናቴ እልል አላለችም፤ በርበሬ መስፈሯንም አላቆመችም። «ከወዴት ናት?» ብላ ጠየቀች ብቻ። «አርሲ ነው የሚሉት፣ በቆጂ» አሏት ጋሼ። «በቆጂማ የገብስ አገር ነው» አለች። አገርን በእህሉ ነው የምታውቀው፤ በቆጂን እንዲህ ካወቀቻት ደግሞ ልጅቷንም ያወቀቻት ያህል ሆነች። ከዚያ በኋላ ስለ ደራርቱ ስታወራ ዘመድ እንደምትጠራ ነው።

እኔ ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ላይ ቀርባ አታውቅም፤ ሎስ አንጀለስንም ሴኡልንም መንግሥት አልሄድም ብሎ ቀርቷል። ስለዚህ ኦሊምፒክ ማለት ለእኔ ትልልቆች ማታ ማታ የሚያወሩት ነገር ነው፤ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ማሞ ሜክሲኮ ላይ፣ ምሩፅ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ። ወሬው ውስጥ ሴት የለችም። ሴት የነበረችው ገበያው ውስጥ ነው፤ ጆንያ ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ፣ ከደንበኛ ጋር ተከራክራ። እነዚያ ሴቶች ያን ጠዋት ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ደስታ ብቻ ብዬ ማለፍ አልችልም። ትንሽ እልህም ነበረበት፤ «አላልኩህም?» የሚል ዓይነት።

ሩጫውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጎረቤት ቤት፣ ቴሌቪዥን ሲደግመው። ሰፈራችን የነበረው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው። 25 ዙር ረጅም ነው፤ ልጅ ያሰለቻል፤ እኔ ግን ከመሐል ጀምሮ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኤላና ሜየር የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት ከሁሉም ተለይታ ወጣች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ታግዳ ከኖረች በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው ገና በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበችው አበበ በባዶ እግሩ በሮጠበት በሮም ነበር። ደራርቱ ተከተለቻት። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሜየር ገለል ብላ «ነይ ምሪ» አለቻት በምልክት፤ ደራርቱ እምቢ አለች። ከኋላዋ ሆና ዙር ቆጠረች። የመጨረሻው ዙር ደወል ሊደወል ሲል ግን ተስፈንጥራ አለፈች፤ ከዚያ ወዲያ ሜየር አላገኘቻትም። 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። የ20 ዓመት ልጅ ናት።

ጨርሳ ግን አልሄደችም። ቆማ ጠበቀቻት። ሜየር ስትደርስ ተቃቀፉ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያ ቴሌቪዥን ሁሉን ነገር አመድማ ያደርገው ነበር፤ ባንዲራውን፣ ሣሩን፣ መሙን። ሁለቱን ሴቶች ግን በትክክል አሳየን። ጋዜጦች ደራርቱን ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት አሏት፤ ይህን ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የያዝኩት መቆሟን ነው።

ከዚያ በኋላ ሾላና አካባቢው ደራርቱን ያላየ ሰው ጠፋ። ገበያው ከመገናኛ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከበላዩ የየካ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ቆሟል፣ እሱን ይዘው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እንጦጦ ይገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ ስለሆነ ሯጮች ትንፋሻቸውን የሚያሠለጥኑት እዚያ ነው። ማለዳ ቱታ የለበሱ ልጆች ወደ ላይ ሲወጡ፣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ደግሞ ወደ ታች ይወርዳሉ። መንገዱ ጠባብ ነው። ተሸካሚዋ ወገቧ ታጥፎ መሬት መሬት እያየች ስለምትመጣ፣ የምታየው የሯጯን ጫማ ብቻ ነው። ሯጯ ገደሉን ይዛ ጥግ ቆማ ታሳልፋታለች፤ ቁልቁል ሸክም ይዞ መቆም እንደማይቻል የምታውቅ የገጠር ልጅ ናታ።

ታዲያ ተሸካሚዎቹ ገበያው ጫፍ ላይ ሸክማቸውን አሳርፈው ውሃ ሲጠጡ ክርክሩ ይጀመራል። «ዛሬ ደራርቱ አሳለፈችኝ።» «ሂጂ ወዲያ! በጫማዋ ነው ያወቅሻት?» «እሷ ናት ስልሽ፣ ‹አይዞሽ እናቴ› አለችኝ።» በዚያ ዘመን የካ ላይ የሮጠች ሴት ሁሉ ደራርቱ ነበረች። ቀጭኗም ወፍራሟም፣ ረጅሟም አጭሯም። እኔ ራሴ ከትምህርት ቤት በፊት ሽቅብ ወጥቼ ጠብቄ፣ ሦስት ሴት ልጆች እየተነፈሱ ሲያልፉ አይቻለሁ። ከመካከላቸው እሷ ትኑርበት አትኑርበት ምዬ አልናገርም። ለጓደኞቼ ግን ምዬላቸዋለሁ።

ቀጥለው የመጡትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው፤ ጉዳቱ፣ ሕመሙ፣ መጥፋቱ። በ1995 እ.ኤ.አ. ለአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮና ወደ እንግሊዝ ስትሄድ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ታግታ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣ ውድድሩ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ደርሳ አሸንፋለች። አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች፤ ያን ጊዜ ደስታው ማራቶንን ካሸነፈችው ከፋጡማ ሮባ ጋር ነበር። ከዚያ በ1998 እ.ኤ.አ. ደራርቱ ወለደች ተባለ።

ይኼኔ ነው ገበያው ለሁለት የተከፈለው። ሻይ ቤት የሚቀመጡት ወንዶች ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ከወለደችማ አለቀ፣ አጥንቷ ላልቷል፣ ከእንግዲህ ለልጆቹ ትልቀቅ።» ከጋዜጣ ያገኙት ይሁን ከራሳቸው አላውቅም፤ አነጋገራቸው ግን የሐኪም ነበር። ቅቤ የምትሸጠዋ እትዬ ሚዛኗን እንደያዘች ሰማቻቸው። «ምኑ ነው ያለቀው?» አለች። «እኔ ልጄን ክርስትና ሳላስነሳ አይደለም ወይ እዚህ ቁጭ ብዬ ቅቤ የመዘንኩት? ያን ጊዜ ማን አለቀላት አለኝ?» ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹም ሳቁ። ነገሩ ግን ሳቅ አልነበረም። በርበሬ ተራ ውስጥ አራስ ቤት ጠግባ የወጣች ሴት አላውቅም። እናቴም ታናሽ እህቴን ወልዳ ስትመለስ ያገኘችው፣ መደቧን ሌላ ሰው ግማሹን ወስዶባት ነው፤ ያንን በክርክር ለማስመለስ ስንት ወር ፈጀባት። መመለስ ምን እንደሚያስከፍል ከስፖርት ጋዜጠኞቹ ይልቅ እነሱ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

የሲድኒው ሩጫ የዋለው መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ደግሞ ቅዳሜ፣ ገበያው የደራበት። በዚያ ምሽት ሲሆን በእኛ ቀን ነው። ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ በብረት ፍርግርግ ቆልፎ ነበር የሚያስቀምጠው። ሴቶቹ ሻይ ቤት የመግባት ልማድ የላቸውም፤ ያን ቀን ግን መደባቸውን ለልጆች ጥለው፣ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ግር ብለው ገቡ። ሽርጣቸው ላይ ያለው በርበሬ ጠባቡን ክፍል ሞላው። አስተናጋጁ ማስነጠስ ጀመረ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። ሲድኒ ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እየመራች ዙሩ ያልፋል፣ ሾላ ላይ ሕዝቡ እያስነጠሰና ዓይኑን እየጠረገ ያያል።

የመጨረሻው ዙር ላይ ማስነጠሱ ሁሉ ቆመ። ፓውላ ወደኋላ ቀረች። ጌጤ ዋሚ አለች፤ የአትላንታዋ ባለ ወርቅ ፖርቱጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤይሮ አለች። ደራርቱ ከውጭ በኩል መጣችና አንድ ጊዜ ስትለቅቀው፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ የተሰበረውን ብርጭቆ ባለቤቱ ኋላ ለማን እንደሚያስከፍል ግራ ገባው። 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ጌጤ ሁለተኛ። በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ቅቤ ሻጯ እትዬ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ዞረች። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ያን ቀን ቅቤ ያስወደደች ይመስለኛል።

በኋላ የለንደን ማራቶን መጣ፣ የኤድመንተን ወርቅ መጣ፣ አቴንስ ላይ ነሐስ። እንደገና ወለደች፣ እንደገና «አለቀ» ተባለ። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ቀን ኒውዮርክ ማራቶንን በ37 ዓመቷ ስታሸንፍ እኔ ከሰፈር ወጥቼ በሥራ ላይ ነበርኩ። ዜናውን ለእናቴ ለመንገር ደወልኩ፤ ቀድማ ሰምታለች። ከድሉ ይልቅ የያዘችው ሌላ ነገር ነው፤ ደራርቱ መንገድ ላይ እግሯን ያመማትን ፓውላን «ነይ፣ ነይ» እያለች ስታበረታታ ነበር መባሉን። «ያችን የሲድኒዋን?» አለችኝ እናቴ። ፓውላን አልረሳቻትም፤ እሷም ኋላ ስትወልድና ስትመለስ ሰምታለችና።

ስለ እናቴ ካነሳሁ አይቀር የ2008 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ልጨምር። ያን ዓመት ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች በዓሉ የዋለው በፈረንጆቹ መስከረም 12 ነው፤ ቅዳሜ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቄጤማው ተረጋግጦ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እኔ ዲሹ ላይ የኒውዮርኩን የቴኒስ ፍጻሜ አገኘሁ። ሁለቱም ጣልያኖች ናቸው፤ ፍላቪያ ፔኔታ ከብሪንዲዚ፣ ሮቤርታ ቪንቺ ከታራንቶ፣ የአንድ አካባቢ ልጆች፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ። ቪንቺ በዋዜማው ሴሬና ዊሊያምስን ጥላ ዓለምን ጉድ አሰኝታ ነበር። እናቴ ቴኒስ አታውቅም። የጣልያን ነገር ሲነሳም ፊቷ ብዙ አይፈታም፤ አባቷ አርበኛ ነበሩ። ግን ተቀመጠች።

ፔኔታ 7 ለ 6፣ 6 ለ 2 አሸነፈች። ሁለቱ መረቡ ላይ ተቃቅፈው ቆዩ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ጎረቤት ያወሩ ጀመር። እናቴ ይሄኛውን ወደደችው። «እንደ ደራርቱና እንደዚያች ነጭ» አለች። ዋንጫውን ስትቀበል ፔኔታ ስፖርቱን ልትተው መሆኑን ተናገረች፤ ተርጉሜ ነገርኳት።

«አሸንፋ?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«33።»

«ልጅ አይደለችም እንዴ! ደራርቱ ኒውዮርክን ስንት ሆኗት ነው ያሸነፈችው?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ልታገባ ይሆናል። ትወልድና ትመለሳለች።»

ፔኔታ ግማሹን እውነት አደረገችላት። በዓመቱ ቴኒስ ተጫዋቹን ፋቢዮ ፎኚኒን አገባች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰችም። ለእናቴ ይህን ስነግራት እሺ አትለኝም፤ «ቆይ፣ ልጆቹ ከፍ ይበሉላት» ነው የምትለው።